ከበሩ እስከ አስፋልቱ አራት እርምጃ፦ ጅማ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የሆነው

መነሻ

ይህን የምጽፈው ሌላ ትምህርት ቤት እኛ ያባከንነውን ዓመት እንዳያባክን ብዬ ነው። የማስተምረው ጅማ፣ ወደ አጋሮ በሚወጣው አስፋልት ዳር ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ጸሐፊም ነኝ። ቃለ ጉባኤው፣ ደብዳቤው፣ የቆጠርነው ቁጥር ሁሉ እጄ ላይ አለ። የሰዎቹን፣ የትምህርት ቤቱንና የመሥሪያ ቤቶቹን ስም ግን ትቻለሁ። እንደኛ ያለ ደጃፍ በየከተማው ሞልቷል።

ቦታው

የድሮው በራችን የሚከፈተው በቀጥታ ወደ አስፋልቱ ነበር። ከብረት በሩ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ለአዋቂ ሰው አራት እርምጃ ነው። የእግረኛ መንገድ የለም። በግቢው በኩል ክዳን የሌለው የውኃ ቦይ አለ። ጅማ ደግሞ ዝናቧ ቶሎ ይጀምራል፣ ቶሎም አይለቅም። ቦዩ ሲሞላ ልጆቹ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይሄዳሉ።

ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ ይሠራል። ያኔ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባ ነበር። ለሃያ ደቂቃ ያህል ሁለት ፈረቃ በአንድ በር ይጋፋ ነበር። በዚያው ሰዓት ከአጋሮና ከበደሌ የሚመጣው ሚኒባስ፣ አይሱዙው፣ የጫት ፒካፑና ባጃጁ በበሩ ፊት ያልፋል። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ጭነት መኪናው ይብሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ መንገዱ ጉድጓድ ነበረው። ሹፌሩ ወደደም ጠላም ቀስ ይል ነበር። አስፋልቱ ሲጠገን ሰፈሩ በሙሉ ደስ አለው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ትራፊክ ሆኖ ሲያገለግለን የኖረው ጉድጓዱ እንደነበር የገባን ግን ቆይቶ ነው። የሚጠግን ሲመጣ ስለ ፍጥነት ያሰበ አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

የኅዳሩ አደጋ

ወሩ ኅዳር ነው። ፈረቃ መለወጫ ላይ አንድ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ልክ በሩ ፊት ቆመ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከግቢ ወጥታ በቆመው ሚኒባስ አፍንጫ በኩል ለመሻገር ገባች። ከኋላ የመጣ ሌላ ሚኒባስ የቆመውን ደርቦ አለፈና መታት።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ፣ አንድ እግር ብቻ፣ መሀል መንገድ ነጩ መስመር ላይ ቀርቷል። እሷ ከዚያ ራቅ ብላ ወድቃለች። ሹፌሩ ወርዶ ራሱን ይዞ ጮኸ። «አላየኋትም! ወላሂ አላየኋትም!» ይል ነበር። አምነዋለሁ። በቆመ መኪና ፊት የሚወጣን የአንድ ሜትር ከሃያ ልጅ ማንም አያይም።

ባጃጅ አስቆምን። እግሯን አጠፍንና ከኋላ አስገባናት። ስትጮህ ደንግጠን፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ትድረስ ብለን ነው። ኋላ አንዲት ነርስ ያስረዳችኝ እስካሁን ያንገበግበኛል። የተሰበረ እግር ባለበት ሁኔታ በጣውላ ወይም በወፍራም ካርቶን ተደግፎ መታሰር ነበረበት። ማጠፍ ስብራቱን ያባብሳል፤ የተሰበረው አጥንት የደም ሥር ሊቆርጥ ይችላል። ልጅቷ የጭን አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ተረፈች። የዚያን ዓመት ትምህርት ግን አልጨረሰችም።

መጀመሪያ ያደረግነውና ያልሠራው

ሰፈሩ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሹፌሩ ይታሰር አለ። ግማሹ ልጅ የማይመክር ወላጅ ነው ጥፋተኛው አለ። እኛ መምህራን ከሁለቱም ወሰድን። በሰልፍ ላይ ስለ መንገድ አጠቃቀም ንግግር ተደረገ። «ግራ ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ» ተባለ። ከትራፊክ ፖሊስ ሰው መጥቶ አስተማረ። ልጆቹ በሚገባ መለሱ። በማግስቱ በዚያው በር እየሮጡ ወጡ።

በልጆቹ አልፈርድም። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የሚመጣውን መኪና ማየት ይችላል። በምን ፍጥነት እንደሚመጣና ስንት ሰከንድ እንደቀረው መገመት ግን ገና አልበሰለለትም። የቆመ መኪና ሲጋርደው ደግሞ ግራና ቀኝ ቢያይ የሚያየው ቆርቆሮ ነው። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ቦታው ምክሩን እንዲፈጽሙ አልፈቀደላቸውም።

ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ለአንድ ሳምንት በሩ ላይ ቆመልን። ያ ሳምንት ሰላም ነበር። ሹፌሮቹ ከሩቅ በመብራት ይጠቃቀሳሉ፤ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ፖሊሱ ወደ ሌላ ምድብ ሲሄድ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ከተማው ውስጥ ያለው የትራፊክ ፖሊስ ቁጥር ለየትምህርት ቤቱ አንድ አይደርስም። ሰው በማቆም ብቻ የሚያዝ መንገድ ሰውየው ሲሄድ ይለቃል።

የተማሪ ትራፊክም አደራጀን። ሰንበር ያለው ልብስ አለበስናቸው፤ «ቁም» የሚል ምልክት አስያዝናቸው። ለሰልፍና ለሥነ ሥርዓት ጥሩ ነበሩ። ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጭነት የያዘ አይሱዙ ፊት እጁን ዘርግቶ እንዲቆም ማድረጋችን ስህተት ነበር። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር ፍሬን ሲይዝ መኪናው ተንሸራቶ ከልጁ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ከግቢ ውስጥ ሰልፍ ብቻ እንዲያስይዙ አደረግን። መንገድ ላይ የሚወጣው አዋቂ ነው።

በሌሊት የተሠራው ጉብታ

ከአደጋው አሥራ አምስት ቀን በኋላ ይመስለኛል፣ ጠዋት ስንመጣ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር የሚቆርጥ የአፈርና የድንጋይ ጉብታ አገኘን። የሰፈሩ ወጣቶች በሌሊት ሠርተውት ነው ያደሩት። ሕዝቡ አመሰገናቸው። እኔም ልቤ ረክቶ ነበር። ሌላ ማንም ምንም ሳያደርግ እነሱ አደረጉ።

ግን ጉብታው ቀለም የለው፣ ምልክት የለው፣ መብራት የለው። ከፍታውም የተለካ አይደለም። በሦስተኛው ምሽት አንድ ሞተረኛ ሳያየው ደረሰበትና ተወረወረ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ሄልሜት ባያደርግ ኖሮ ከዚያ የከፋ ነገር እጽፍ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በሎደር አነሳው። ወጣቶቹ ተቆጡ፤ «ልጅ ሲገጭ ያልመጣ ሎደር አፈር ለማንሳት መጣ» አሉ። እውነት አላቸው። ሞተረኛውም ግን የሰው ልጅ ነው።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት በብዙ ከተማ ስለማየው ነው። ሰው ተገጭቶ ሲሞት ሕዝቡ በዚያው ሌሊት አፈር ይከምራል። ንዴቱ ተገቢ ነው። ፍጥነት ይቀነስ የሚለው ሐሳብም ትክክል ነው። ያልተለካና ያልታየ ጉብታ ግን ራሱ አደጋ ነው።

የሳጅኗ መዝገብ

ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው ከአንዲት የትራፊክ ፖሊስ ሳጅን ጋር ስንቀመጥ ነው። አደጋውን የመዘገበችው እሷ ነበረች። ወተመሁ ወክሎኝ ሄጄ «በእኛ በር ከዚህ በፊት ስንት አደጋ ደርሷል?» ብዬ ጠየቅኳት። መዝገቡን አውጥታ ገለጠችው። የቦታው ዓምድ ላይ ብዙ ጊዜ የተጻፈው «አጋሮ መንገድ» ወይም የቀበሌው ስም ብቻ ነው። የምክንያቱ ዓምድ ላይ «ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት»፣ «ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ማሽከርከር»፣ «የእግረኛ ጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። መንገድ፣ በር፣ ፌርማታ የሚል ምክንያት የለም።

«አየህ ቲቸር» አለችኝ። «እኔ ቅጣት ስጽፍ እውላለሁ። ነገ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ሹፌር ያንኑ ያደርጋል። የምቀጣው ሹፌሩን ነው፤ ቦታውን የሚቀጣ የለም።»

ይህ ንግግር ብዙ አስተማረኝ። በአገር ደረጃም ያለው ችግር ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ውስጥ በመንገድ አደጋ ሞቱ ተብለው በመንግሥት የተመዘገቡት 4,352 ሰዎች ነበሩ። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን 27,326 ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከብዙ ነገር ነው። አንዱ ተጎጂው በዕለቱ ካልሞተና ከሳምንት በኋላ ሐኪም ቤት ካረፈ የፖሊሱ መዝገብ ላይ «ከባድ ጉዳት» ሆኖ ሊቀር መቻሉ ነው። ድርጅቱ አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ የሞተን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሞተ ይቆጥራል። መንግሥት ያልቆጠረውን ሞት ሊቀንስ አይችልም።

ሳጅኗ ከዚያ ቀን ጀምራ ቦታውን በርቀት መጻፍ ጀመረች። «ከትምህርት ቤቱ በር ወደ ከተማ 15 ሜትር»፣ «ከነዳጅ ማደያው አለፍ ብሎ 40 ሜትር»። ማንም አላዘዛትም፤ ወጪም የለውም። የቆዩትንም ከባልደረቦቿ ጋር እያስታወሰች ቦታ ቦታቸውን ጻፈችላቸው። ሲደመር በእኛ በርና በፌርማታው መካከል ባለች አጭር መንገድ ላይ አደጋ ተደጋግሞ መድረሱ ታየ። እነዚያ አደጋዎች የተበተኑ መስለው የኖሩት አጻጻፉ ስለበተናቸው ነው።

በስልክ የተለካው ፍጥነት

ቢሮ ስንሄድ የሚጠብቀን ጥያቄ «በእርግጥ ይፈጥናሉ ወይ?» የሚል ነበር። ራዳር የለንም። ግን 100 ሜትር መለካት እንችላለን። ከአንድ የመብራት ፖል ተነስተን በሜትር ለካን፤ 100 ሜትሩ ያለቀበት አጥር ላይ በኖራ ምልክት አደረግን። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከአጥር ውስጥ ሆነው በስልክ ሰዓት ያዙ። 360ን ለሰከንዱ ማካፈል ነው። 100 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ያለፈ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። በ9 ሰከንድ ያለፈው 40 ነው። በ12 ሰከንድ ያለፈው 30 ነው። ልጆቹ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ትምህርት አግኝተው አያውቁም።

ለሦስት ቀን ለካን። ከትንንሾቹ መኪኖች ብዙዎቹ በ6 እና በ7 ሰከንድ መካከል ነበሩ።

ሰሌዳ ላይ አብረን ሠራነው። በሰዓት 60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር ሄዷል፤ ፍሬን ገና አልተያዘም። በ30 ቢሆን በዚያው ጊዜ የሚሄደው 12 ሜትር ተኩል ነው። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። እንደ ጅማ ሐምሌ ባለ እርጥብ አስፋልት ላይ በ30 የሚሄደው በጠቅላላው 20 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ60 የሚሄደው 60 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ከእኛ በር አስፋልቱ አራት እርምጃ ነው።

በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የዓለም ሚኒስትሮች እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የተስማሙት በዚህ ሒሳብ ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2030 እ.ኤ.አ. የመንገድ ሞትን በግማሽ የመቀነስ ግብ ያለው አዲስ የአሥር ዓመት የመንገድ ደኅንነት ሥራ አወጀ። ስዊድን ቀደም ብላ፣ በ1997 እ.ኤ.አ.፣ ፓርላማዋ ሰው መሳሳቱ ስለማይቀር መንገዱ ሲሠራ ስህተቱ እንዳይገድለው ተደርጎ ይሠራ ብሎ ወስኗል። እኛ ይህን ሁሉ ያነበብነው ዘግይተን ነው። ግን ሳጅኗ «ቦታውን የሚቀጣ የለም» ስትል ያንኑ ነበር የተናገረችው።

ደብዳቤውና የፈረቃው ሰዓት

የሳጅኗን ዝርዝርና የልጆቹን ልኬት አያይዘን ደብዳቤ ጻፍን። እዚህ ላይ ብዙ ወራት ሄዱ። አንዱ ቢሮ መንገዱ የከተማው አይደለም፣ አገር አቋራጭ ስለሆነ የፌዴራል ነው አለን። ሌላው ከተማ ውስጥ ስለገባ የከተማው ነው አለን። ሦስተኛው ለሚመለከተው አካል መርተናል አለን። ሦስቱም ጋ በትሕትና ነው የተስተናገድነው፤ ክፋት አላየሁም። የሁሉም መሆኑ ነው የማንም ያላደረገው።

ያንን የፈታው ደብዳቤ አይደለም። ሳጅኗ አንድ ምክር ሰጠችን። «ቢሮ አትጥሯቸው። እዚህ ጥሯቸው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ።»

ጠራናቸው። ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ መሐንዲስ ነበር። ንግግር አላዘጋጀንም። በሩ አጠገብ አቆምናቸውና ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ እንደ ጎርፍ ወጡ። አንድ ሚኒባስ ቆመ። ሌላው ደርቦ አለፈ። መሐንዲሱ አንዲት ትንሽ ልጅ ልብሷን ይዞ ወደ ኋላ ሳባት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። በኋላ ማስታወሻውን አውጥቶ «በሩን ለምን ከኋላ አታደርጉትም?» አለ።

ከአደጋው ጀምሮ ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም ነበር። ከግቢያችን ጀርባ ኮብልስቶን የተነጠፈ የውስጥ መንገድ አለ። መኪና ብዙም አይገባበትም። እኛ ስለ ሹፌር፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ልጆቹ ስንከራከር አጥሩ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር።

በሩና ፌርማታው

በሩን ማዞር ቀላሉ ሆነ። የሰፈሩ እድር ገንዘብ አዋጣ። ብረታ ብረት የሚሠራ ወላጅ የድሮውን በር ግማሽ ነቅሎ ከኋላ ገጠመ። ጉብታ የሠሩት ወጣቶች አጥሩን አፈረሱልን፣ መግቢያውንም ደለደሉ። የፊቱ በር ለመኪናና ለድንገተኛ ነገር ብቻ ቀረ፤ በፈረቃ ሰዓት ይቆለፋል። የጠዋቱን ፈረቃ ከከሰዓቱ በ20 ደቂቃ ለየነው።

ከባዱ ፌርማታው ነበር። ከኋላ ቢወጡም ብዙ ልጆች አስፋልቱን መሻገራቸው አይቀርም። ስለዚህ ዜብራው በአንድ ቦታ ተቀባ፤ ፌርማታው ደግሞ ከዜብራው አለፍ ብሎ እንዲሆን ተወሰነ። «አለፍ ብሎ» የምትለው ቃል ትልቅ ናት። መኪናው ዜብራው ሳይደርስ ከቆመ ተሻጋሪውን ይጋርዳል። ዜብራውን አልፎ ከቆመ ግን የወረደው ሰው ከጀርባው ይሻገራል፤ የሚመጣውን ያያል፣ ለሚመጣውም ይታያል። ልጅቷ የተመታችው በዚህች ልዩነት ነው።

የባጃጅ ሹፌሮቹን ማኅበር አንድ ከሰዓት ቡና ላይ ሰበሰብን። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ተናገረ። አንድ ወጣት ሹፌር ፊት ለፊት ነገረኝ።

«ቲቸር፣ እኔ 60 ሜትር አልፌ ብቆም ሌላው እዚሁ በሩ ላይ ቆሞ ሰውን ያፍስብኛል። እኔ ደግሞ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ አለብኝ። ገቢው ካልሞላ ቁልፉን እቀማለሁ።»

ለመታዘዝ ፈቃደኛ ነበር። ብቻውን መታዘዝ ግን ያስርበዋል። መልሱን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ተራ አስከባሪው ወንበሩን ይዞ ወደ አዲሱ ቦታ ሄደ። ተሳፋሪ የሚጫነው ተራ አስከባሪው ባለበት ብቻ ሆነ። ከዚያ ውጪ የጫነ ተራው ይዘለላል። ተራ አስከባሪው የሚያገኘው በተራው ልክ ስለሆነ ከማንም ፖሊስ በላይ ይጠብቃል። ሳጅኗ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ብቅ ትል ነበር። ከዚያ በኋላ አላስፈለገችም።

የፍጥነት መቀነሻው በመጨረሻ ተሠራ፤ ሰፋ ያለ፣ የተለካ፣ ነጭና ቢጫ የተቀባ። ከሩቅ የሚያስጠነቅቅ ምልክት በሁለቱም አቅጣጫ ቆመ፤ ጽሑፉ በኦሮምኛና በአማርኛ ነው። ስፒድ ብሬከሩ ልክ ዜብራው ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው ያረፈው። ሹፌሩ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ቀድሞ ቀስ ብሏል።

የተለወጠውና ያልተለወጠው

ልጆቹ በዚያው ፖልና በዚያው ምልክት እንደገና ለኩ። ትንንሾቹ መኪኖች አሁን 11 እና 12 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ሌሊት የሚያልፉ ጭነት መኪኖች አሁንም ይፈጥናሉ፤ በዚያ ሰዓት ልጅ ባይኖርም ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው አለ። የመብራት ጥያቄያችን አሁንም በሂደት ላይ ነው።

የተጎዳም አለ። በፊተኛው በር ቆሎና ሳምቡሳ የምትሸጥ እናት በሩ ሲዘጋ ገበያዋ ሞተ። እኛ አላሰብንላትም። ሦስት ሳምንት ያህል ባዶ በር ላይ ተቀምጣ ካየናት በኋላ ነው ከኋላ ቦታ የሰጠናት። ከስፒድ ብሬከሩ አጠገብ ያለው ቤት ደግሞ የአይሱዙ ፍሬን እንቅልፍ ነሳን ይላል። የኋላው መግቢያም በክረምት ጭቃ ነው።

ከዚያ ወዲህ በበሩ ላይ የተመታ ልጅ የለም። ግን ይህን እንደ ማስረጃ አላቀርበውም። በአንድ በር ላይ አደጋ በየቀኑ አይደርስም፤ ዓመት ሙሉ ሳይደርስ በአጋጣሚም ሊያልፍ ይችላል። የማምነው ሰከንዱን ነው። 6 የነበረው 12 ሆኗል።

ለቤተሰቡ ያልተነገረው

ይህን ለብቻ ያደረግሁት ሁሌ ስለሚረሳ ነው። የልጅቷ አባት ለሕክምናው ጊደር ሸጠ። ጉዳዩ በሽማግሌ አለቀ። የሹፌሩ ወገን ጥቂት ረዳ። አባቷ «ከሰው ጋር ጠብ አልፈልግም፣ ልጄ ከተረፈችልኝ አልሐምዱሊላህ» አለ። ሽምግልናው መልካም ነው። ኢንሹራንሱን ግን ማንም አላነሳም።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። አዋጁ ሲወጣ ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት ደግሞ እስከ 40,000 ብር ወስኖ ነበር። ገጭቶ ላመለጠ ወይም ኢንሹራንስ ለሌለው መኪና ተጎጂ ደግሞ የመድን ፈንድ አለ። ያ ሚኒባስ ኢንሹራንስ ነበረው። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሁላችንም አይተነዋል። አሁን በየዓመቱ መጀመሪያ በወላጆች ስብሰባ ላይ እነግራለሁ፦ የሰሌዳ ቁጥሩን ጻፉ፣ ኢንሹራንሱን ጠይቁ፣ የፖሊስ ማስረጃ ውሰዱ። ሽምግልናውም ይቀጥል።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ከሌላ ከተማ የሚደውሉልኝ መምህራን አሉ። የምላቸው ብዙም አይደለም። በመጀመሪያ በሩን እዩ፤ ሌላ አቅጣጫ ካለው አዙሩት። ከፖሊስ፣ ከቅጣትና ከስብከት በፊት ይቀድማል፣ ይረክሳልም። ፌርማታው ከዜብራው በፊት ከሆነ ከዜብራው አለፍ ወዳለ ቦታ አሳልፉት፤ ስታሳልፉት ተራ አስከባሪውን ይዛችሁ ሂዱ። 100 ሜትር ለክታችሁ ሰከንድ ያዙ፤ ቁጥር የያዘ ደብዳቤና ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አንድ አይደሉም። ኃላፊዎቹን በደወል ሰዓት ጥሩ። በሌሊት አፈር አትከምሩ።

መንግሥት መንገድ ላይ ሞትን ይቀንሳል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሕግና ቅጣት ነው። ሕጉ ያስፈልጋል፤ የቀበቶውና የሄልሜቱ ግዴታ፣ በስልክ እያወሩ የማሽከርከር ክልከላውም በሕግ መግባቱ ሕይወት ያድናል። በእኛ በር ላይ የመንግሥት ሥራ የነበረው ግን ሳጅኗ ቦታውን በሜትር መጻፏና መሐንዲሱ በ6 ሰዓት ተኩል እዚያ መቆሙ ነው። ሁለቱም ማንም ያላዘዛቸውን አደረጉ። ሌላ ሳጅን ሲመደብ እንዳይጠፋ ሥራው መታዘዝ አለበት፤ ቦታውን በሜትር የሚጠይቅ ቅጽ ያስፈልጋል። ይህንን ጠይቀናል፤ እየጠየቅንም ነው።

ቀለሙ በአንድ ክረምት ይለቃል። ዘንድሮ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ባለው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቀባነው። ቀለሙን እድሩና የባጃጅ ማኅበሩ ገዙ። ሳጅኗ መኪናውን በአንድ ጎን እያሳለፈች አስተናገደች። ያቺ ልጅ አሁን ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ገመዱን በአንድ ጫፍ ይዛ መስመሩ ቀጥ እንዲል ታደርግ ነበር። ነጩ ሁለት ቆርቆሮ ጨረሰ። ቢጫው ግማሽ ተርፎ ዘበኛው ቤት ተቀምጧል።